ተጋጣሚ ያጣ ቦክሰኛ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ዓለምሰገድን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። ቀን ቀን ቡና መጋዘን ውስጥ የጀንፈል ጆንያ ይሸከማል፤ ከሥራ ሲወጣ ታጥቦ፣ ጀርባው ላይ «ቦክስ» ተብሎ የተጻፈበትን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ በዋናው መንገድ ይወርዳል። ሊስትሮው፣ ባለሱቁ፣ ባለባጃጁ ሁሉ «ሻምፒዮን!» ይለዋል። ጠጅ ቤት ሁለት ሰዎች ቢተናነቁ የሚጠራው ዓለምሰገድ ነው፤ በሩ ላይ ብቅ ሲል ጠቡ ይበርዳል። እጁን አንስቶ አያውቅም፤ ማንሳትም አላስፈለገውም። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ የአጎራባች ዞኖች የከባድ ሚዛን አሸናፊ የሆነን ሰው ማን ይነካካል?

እውነቱን ከወዲሁ ልናገር፤ የሰው ልብ ማንጠልጠል አልወድም። ዓለምሰገድ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት አንድም ሰው በቡጢ አልመታም። እሱንም የመታው የለም።

ውሸታም ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። በደርግ ጊዜ ወታደር ሳለ የክፍለ ጦሩ ቦክሰኛ ነበር። ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ ሰባቱን አሸንፏል፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንም አይነጥቀውም። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ከእነ ቡጢው ሜዳ ላይ ቀረ። ቡና ያለበት አገር ሰው አይራብም ሲሉት ሰምቶ ወደዚህ መጣ፤ ጆንያ መሸከም ጀመረ፤ የአጎራባቿን የአማን ከተማ ልጅ ንጋቷን አገባ። ንጋቷ ገበያ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ የምትሸጥ፣ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት የምትዘምር፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ልጅ አልወለዱም። ቦክሱን ረስቶት ነበር ማለት ይቻላል።

የረሳውን ያስታወሰው በዛብህ ነው። በዛብህ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነው፤ ሁልጊዜ ፋይል ታቅፎ የሚሮጥ ሰው። በዘጠና ሁለት ዓ.ም. ቦንጋ ላይ ውድድር ሊካሄድ ሲል የዞኑ ቡድን ከቀላል እስከ መካከለኛ ሚዛን ልጆች አሉት፤ ከሰማንያ አንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ግን አንድም የለውም። የእኛ አገር ጎረምሳ ቀጭን ነው፤ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ እየዋለ ሰማንያ ኪሎ ከየት ያመጣል? በዛብህ መጋዘኑ በር ላይ ዓለምሰገድን ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ አየውና ፋይሉን ከብብቱ አወጣ።

ዓለምሰገድ አንድ ወር ሙሉ ገለባ የሞላበት ጆንያ ሰቅሎ ሲደበድብ ከረመ። ሰማንያ ስምንት ኪሎ ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ። ቦንጋ ላይ ስሙ ሲጠራ ልቡ እየዘለለ ሪንጉ ላይ ወጣ፤ ጓንቱን አጋጨ፤ ፊቱን ወደ ተጋጣሚው ማዕዘን አዞረ። ማዕዘኑ ባዶ ነው። ዳኛው ሰዓቱን አየ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ የዓለምሰገድን እጅ ወደ ላይ አነሳ። «ከባድ ሚዛን፣ በፎርፌ!» አለ ድምፅ ማጉያው። ሌሎቹም ዞኖች ለካ ሰማንያ አንድ ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ አላገኙም። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አጨበጨቡና ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ተጠለቀለት።

አፍሮ ነው የተመለሰው። ለማንም አልተናገረም። ቅዳሜ እንደ ልማዱ ጢሙን ሊላጭ ታፈሰ ፀጉር ቤት ገባ። ታፈሰ ከመቀሱ ይልቅ ምላሱ የሚሠራ ሰው ነው። «ወርቅ አመጣህ አሉ! ስንተኛው ዙር ላይ ጣልከው?» አለው። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ዓለምሰገድ አፉን ከፈተ፤ ምን ሊል እንደነበር እሱም አያውቅም።

«ሦስተኛው ላይ» አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ የተረፈው ሁሉ ከዚህች ቃል የመጣ ነው። በሳምንቱ ታፈሰ ደግሞ በየትኛው እጁ እንደጣለው ጠየቀ፤ በቀኙ ሆነ። በዓመቱ እንደገና ባዶ ማዕዘን፣ እንደገና ፎርፌ፣ እንደገና የታፈሰ ጥያቄ። ዘንድሮ የጣለው የማሻ ሰው ሆነ፤ ግራኝ ነው፤ መንጋጋውን ሲለው ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰም። የማሻው ግራኝ እያደር ጎበዝ፣ እያደር ረጅም እየሆነ ሄደ። ጽሕፈት ቤቱ በበኩሉ ደስተኛ ነው፤ ወርቅ በፎርፌም ይገኝ በደም፣ ለዞኑ የሚቆጠረው ነጥብ አንድ ነው።

ታፈሰ ቴሌቪዥን ካስገባ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። የውጭ አገር ቦክስ በታየ ቁጥር ክርክሩ አንድ ነው፦ ዓለምሰገድ ከዛሬዎቹ ጋር ቢገጥም ምን ይሆን ነበር? ግማሹ በሁለት ዙር ይጨርሳቸዋል ይላል፤ ግማሹ ዕድሜውን ያነሳል። ዓለምሰገድ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ «የዛሬዎቹ ይሮጣሉ እንጂ አይመቱም» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ውስጡ ግን አይስቅም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ጆንያ ሲያነሳ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ የመጋዘኑን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ወባና ዕድሜ ተጋግዘው ከሰማንያ ስምንቱ ኪሎ ስድስቱን በልተዋል። በእውነት ሰው ፊቱ ቢቆም መምታት ይችል ይሆን? ይህን ጥያቄ ለማንም ማንሳት አይችልም። ንጋቷ ከጎኑ ተኝታ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ የዛሬዎቹን ጎረምሶች በሐሳቡ እየደረደረ ይጋጠማቸዋል፤ አንዳንዴ ያሸንፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፉ ይመጣል።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. በግንቦት በዛብህ እየሮጠ መጋዘኑ ድረስ መጣ። «የምሥራች! ዘንድሮ አስተናጋጁ እኛ ነን። ሪንጉ ኳስ ሜዳው ላይ ይተከላል። ሕዝቡ ሻምፒዮኑን በዓይኑ ሊያይ ነው!»

ዓለምሰገድ የተሸከመውን ጆንያ እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ። «ለእኔ የተመዘገበ ሰው አለ?»

«ከየት ይምጣ? ከሁሉም ዞን ጠይቄያለሁ፤ ማንም የለም። ወርቁ ከወዲሁ በእጃችን ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ጆንያ ጣለ። ጥሎ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የመጣውን ጭንቀት እንዲህ ነው ብሎ መናገር ይከብዳል። ከተማው በሙሉ ሊመጣ ነው። ታፈሰ ለሁለት ሰዓት ፀጉር ቤቱን ዘግቶ የሠፈሩን ሰው ይዞ ሊመጣ ነው። የንጋቷ የጸሎት ቤት ሴቶች ሊመጡ ነው። ሁሉም ፊት አጭር ሱሪ ለብሶ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ባዶ ማዕዘን እያየ ሊቆም ነው። ከዚያ ያ የተረገመ ድምፅ ማጉያ «በፎርፌ» ሊል ነው። አንድ ሰው «ያለፈውስ? የማሻውስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቅ አይጠፋም። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቃል ይናዳል። ጠጅ ቤት ያለው ሰካራም እንኳ ይስቅበታል። ያለ ስሙ ምን አለው? ጆንያ አለው።

ወባ ያዘኝ ሊል አሰበ። ወባ የያዘውን ሰው ግን እዚህ አገር ብቻውን አይተዉትም፤ የጸሎት ቤቱ ሴቶች አልጋውን ከበው ሲጸልዩለት ታየውና አፈረ። ጌጫ ያለ ወዳጁ ዘንድ ሄዶ ሊደበቅ አሰበ። አንድ ቀን ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ሁለት አውቶቡስ ሲሞላና ሲወጣ አይቶ ተመለሰ። የሸሸ ሻምፒዮን ከፎርፌም ይብሳል። በመጨረሻ አንድ መንገድ ብቻ ቀረው፣ ተጋጣሚ መፈለግ። ሰው ሊደበድበው የሚችል ሰው እየለመነ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓለምሰገድ ወደ ቴፒ በሚሄደው አውቶቡስ የተሳፈረው ለዚህ ነው።

ቴፒ ቡና እርሻው ጋራዥ ውስጥ አልአዛር የሚባል የትራክተር መካኒክ አለ። ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ምድብ ያምናው አሸናፊ። ሰማንያ ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው የጎደለው። ዓለምሰገድ ሲደርስ ልጁ ትራክተር ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ጫማውን አይቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ጋሼ ዓለምሰገድ! እዚህ ድረስ! ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው። አንድ ነገር ልለምንህ መጥቼ ነው። ዘንድሮ ወደ ከባድ ሚዛን ውጣና ከእኔ ጋር ተጋጠም።»

አልአዛር ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ኧረ ተዉ ጋሼ፣ ገና ሚስት እንኳ አላገባሁም!»

«የምሬን ነው።»

«ከእርስዎ ጋር? አምናም ማንም ሊገጥምዎት እንዳልደፈረ አይቻለሁ! እኔ እኮ ቦክስ የጀመርኩት የማሻውን ግራኝ ያደረጉትን ሰምቼ ነው። መንጋጋው እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም ይባላል።» ልጁ ይህን ሲል ሳያውቀው በመዳፉ መንጋጋውን ዳበሰ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። ጋራዡ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ዓለምሰገድ «ልጄ፣ የማሻ ግራኝ የሚባል ሰው የለም፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሰው እንዲያየኝ ብቻ ነውና ቀስ ብለህ ተጫወት» ቢለው ልጁ በደስታ ያደርገው ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እነዚያ የሚያደንቁት ዓይኖች እያዩት እንዴት ያውጣው?

«እሱ የድሮ ነገር ነው» አለ። «የዘንድሮዎቹ ፈርተው ቀሩብኝ፤ ሕዝቡ ፊት ባዶ እጄን እንዳልቆም ብዬ ነው።»

«ዕድሜዎ ስንት ነው ጋሼ?»

«አርባ።» ስድስቷን ዋጣት።

አልአዛር ጨርቁን አጣጥፎ ትራክተሩ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። እሺ» አለ። እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘው፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል፣ «ብቻ መንጋጋዬን አደራ!» አለው። ዓለምሰገድ እጁን አውለበለበ። ሚዛን ተፈሪ እስኪደርስ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተጓዘ፤ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ አሞት መስሏቸው ብርቱካን ሰጡት።

ምዘናው የተደረገው ከቡና መረከቢያው በተዋሱት ሚዛን ነው። አልአዛር መጀመሪያ ሲወጣ አሁንም ሰማንያ ተኩል ሆነ። ወርዶ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ጠጣ፣ ስምንት ሙዝ በላ፣ እያቃሰተ ተመልሶ ወጣ፤ ሰማንያ አንድ ከሁለት መቶ ግራም። በዛብህ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አልገባውም ነበር። ሲገባው ዓለምሰገድን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ያለቀ ወርቅ እኮ ነው! ራስህ ሄደህ ነው የለመንከው? ምን ነካህ?»

«ቦክሰኛ አይደለሁ? ልጋጠም ነዋ።»

«አሁን ነው ያስታወስከው?» አለና በዛብህ ፋይሉን ታቅፎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ሪንጉ የጣውላ መድረክ ነው፤ ገመዱ የጭነት መኪና ገመድ ነው። ታፈሰ ከፊት ተቀምጧል፤ ንጋቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከጸሎት ቤት ሴቶች ጋር ቆማለች። ዓለምሰገድ ሲወጣ ሜዳው «ሻምፒዮን! ሻምፒዮን!» እያለ ተናወጠ። ወደ ማዶው ማዕዘን አየ። ሰው አለ። በዐሥር ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሆዱ እንደ ጣውላ የተወጠረ ጎረምሳ። ጎረምሳው ደግሞ ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ የዓለምሰገድን ቀኝ እጅ ብቻ ይከተላል።

ደወሉ ተደወለ። የመጀመሪያው ዙር፣ ልንገራችሁ፣ ጥሩ ነበር። አልአዛር ከፍርሃቱ የተነሳ አይጠጋም፤ ዙሪያውን ይዞራል። ዓለምሰገድ እግሩ ባይታዘዘውም እጁ የድሮውን አልረሳም። ዙሩ ሊያልቅ ሲል ልጁ ትንሽ ሲዘናጋ በቀኙ ደረቱን አገኘው። ድው አለ። ሜዳው ጮኸ፤ ታፈሰ ከመቀመጫው ተነስቶ ባርኔጣውን ወረወረ። የዓለምሰገድን ዓይን እንባ ሞላው። ይችላል! ዘጠኝ ዓመት የዋሸው ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ ሰው ቢመጣለት ኖሮ ያደርገው ነበር። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰተበት ጊዜ የለም።

ያቺ ቡጢ ግን ልጁን አስደነገጠችው። የማሻው ግራኝ ትዝ አለው መሰለኝ። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር እየሸሸ አልመጣም፤ ካልቀደምኩት ይገድለኛል ብሎ የሚያምን ሰው ሆኖ መጣ። ጎድኑን፣ ሆዱን፣ ዓይኑን፣ እንደገና ዓይኑን። ዓለምሰገድ ትንፋሹ የመጋዘኑ ደረጃ ላይ እንደሚጠፋው ጠፋ። እጁን ለማንሳት ሞከረ፤ እጁ ሌላ ሰው የሚሸከመው ጆንያ ሆነ። ወደቀ። ዳኛው ስምንት ሲቆጥር ተነሳ። ለምን እንደተነሳ አትጠይቁኝ፤ ሰው እያየው ስለሆነ ነው። አልአዛር ይህን ሰውዬ ሲነሳ ሲያይ የበለጠ ፈራ፤ የፈራ ሰው ደግሞ ቡጢውን አይመጥንም። ሦስት ጊዜ መታው። ሁለተኛ ሲወድቅ ፊቱ ጣውላው ላይ አረፈ፤ ሜዳው ዝም ከማለቱ የተነሳ የመድረኩ ጣውላ ሲንቋቋ ተሰማ። ዳኛው መቁጠሩን ትቶ እጁን እያወራጨ ግጥሚያውን አስቆመ። አልአዛር ጓንቱን ሳያወልቅ ተንበርክኮ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ያለቅስ ነበር።

አጠገቡ ወዳለው ትምህርት ቤት ተሸክመው አስገቡትና የመማሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ አጋደሙት። ግራ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ ጆሮው ይጮህበታል። ጤና ጣቢያ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ንጋቷ ሰዎቹን አስወጥታ፣ የነጠላዋን ጫፍ ባልዲ ውኃ ውስጥ እየነከረች ፊቱን ትጠርግ ጀመር። 

«በዛብህ ነገረኝ» አለች። «ልጁን ራስህ ሄደህ ነው የለመንከው አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

ዓለምሰገድ በአንድ ዓይኑ ጣሪያውን አየ። ከዚህ በላይ የሚወድቅበት ቦታ ስለሌለ ነው መሰለኝ፣ ተናገረው። «ንጋት፣ እኔ ዋሽቼሻለሁ። ተጋጥሜ አላውቅም። ዘጠኙም ወርቅ በፎርፌ ነው። የማሻ ግራኝ የሚባል ሰው አልተፈጠረም። ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው።»

ንጋቷ ነጠላዋን ጨመቀች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉን። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ፊትህ ነዋ። ቦንጋ ስትሄድ የነበረው ፊት ከቦንጋ ስትመለስም ያው ነው። ከንፈርህ አንድ ቀን ተሰንጥቆ ያውቃል? ቅንድብህ አብጦ ያየሁት ዛሬ ነው። ሰው ከቡጢ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመለሰው ዓለሜ፤ እንዲህ።»

ዓለምሰገድ ለመነሳት ሞከረ፤ መልሳ አጋደመችው።

«ሌላ ሰውስ ያውቃል?»

 ንጋቷ ነጠላዋን እንደገና ባልዲው ውስጥ ነከረች።

«ታፈሰ ያውቃል?»

«በየሳምንቱ ቅዳሜ ፊትህን የሚላጨው እሱ አይደለ? ከእኔ በፊት ነው ያወቀው። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ይጠይቀኛል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንተኛው ዙር፣ በየትኛው እጅህ እያለ ለምን ይጠይቀኛል?»

«ስታወራ ደስ ይልሃላ። አንተ ስታወራ እነሱም ደስ ይላቸዋል። ማን ተጎዳ?» እንባዋ አሁን መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው። «ማንም ተጋጠም አላለህም እኮ። ማንም።»

ውጭ ድምፅ ማጉያው የሚቀጥሉትን ተጋጣሚዎች ይጠራል። በሩ ላይ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ዓለምሰገድ የንጋቷን እጅ ያዘ።

«ቅዳሜ ታፈሰ ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?» አለ።

ንጋቷ ፊቱን ለመጨረሻ ጊዜ ጠረገችለትና ነጠላዋን አጣጠፈች።

«ከእንግዲህ አይጠይቅህም» አለችው።